ወንድም ጋሼ ሰይፉና ያልደረቀው ዱላ

ቅዳሜ ወንድም ጋሼ ሰይፉ ደህና ነበሩ። ደህና ብቻ አይደለም፣ ሲከራከሩ ነበር የዋሉት። እሑድ ጠዋት ኦክላንድ ባለው ቤታችን፣ ለቤተ ክርስቲያን ሲለብሱ ልባቸው ቆመ። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን መጻፍ ከብዶኛል።

በጋራዣችን ውስጥ የፑል መጫወቻ ዱላ ይሠሩ ነበር። የሚወዱት አስቸጋሪ እንጨት ነው። ዞጲ የሚባለውን ጥቁር እንጨት በአንድ ቀን አይጨርሱትም፤ እንዳይሰነጠቅ በቶርኖ ጥቂት ልጠው ለወራት ይሰቅሉታል። ኮኮቦሎ የሚባለው ቀይ እንጨት ደግሞ ቅባታም ነው። ቅባት በሚያነሣ አሴቶን ጠርገው ቫርኒሽ ቢቀቡትም፣ ቅባቱ ከውስጥ እየወጣ ቫርኒሹ እንዳይደርቅ ያደርጋል። «እንጨት አላምንም» ይሉ ነበር። «ደረቅሁ ሲልህ አውራ ጣትህን ጠይቅ።» ቀኝ እጁ ለደከመበት ጎረቤታችን ግን አጭርና ቀላል ዱላ ሠርተው፣ አያያዙንም አስተምረውታል።

ያን ቅዳሜ የልጅነት ጓደኛቸው ጋሽ መላኩ ያዘዙትን የኮኮቦሎ ዱላ ሊወስዱ ከሳን ሆዜ መጡ። ወንድሜ ቫርኒሹ አልደረቀም ብለው አልሰጥም አሉ።

«በዘጠኝ ወር ሰው ይወለዳል፤ አንተ አንድ ዱላ አቃተህ?» አሏቸው ጋሽ መላኩ።

«የቸኮለ እጁን ያጣብቃል» አሉ ወንድሜ። ጋሽ መላኩ ተቆጥተው ወጡ።

ሰኞ ለቅሶ ላይ ወደ ጋራዡ ገባሁ። ዱላው ከተሰቀለበት የለም። ያን ቀን ጋሽ መላኩ ሁለት ጊዜ ብቻቸውን ሲገቡ አይቻለሁ። ቶርኖውን ላየው ነው ብለውኝ ነበር፤ አላመንኋቸውም። ሲወጡ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለውታል። ሞቋቸው ነው? ወይስ የሚሸፍኑት ነገር ነበር? ለቀስተኛ እየሰማ፣

«ጋሽ መላኩ፣ የመኪናዎን ትራንክ ይክፈቱልኝ» አልኋቸው።

ከፈቱት። ለለቀስተኛ ያመጡት ውሃ ብቻ ነበር። ውሃውን አስገብተው፣ እህል ሳይቀምሱ ሄዱ።

ማታ ጥቁር ሸሚዝ ልፈልግ ቁም ሣጥኔን ስከፍት ዱላው በልብሶቼ መካከል ተሰቅሏል። ወረቀት ታስሮበታል፤ የወንድሜ ጽሕፈት ነው፦ «መላኩ እንዳያገኘው። ሦስት ሳምንት ይቆይ።» እሳቸው የጠረጠሩት የጓደኛቸውን ችኮላ ነው። እኔ ሰውየውን ጠረጠርሁ።

ወንድም ጋሼ፣ በለቅሶዎ ላይ ጓደኛዎን አሳፍሬብዎታለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ሳን ሆዜ ሄድሁ። በራቸው ላይ ቆሜ ስለ ዱላው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አንተ ስለ ዱላ ታወራለህ» አሉኝ፤ «እኔ ቅዳሜ ደህና ዋል እንኳ ሳልለው ነው የወጣሁት።» አለቀሱ። እኔም። የጋራዡን ቁልፍ ሰጠኋቸው። ከመኪናቸው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ አሰሩት። ሳይሰናበቱዎት የቀሩት ጓደኛዎ ከእንግዲህ ጋራዥዎ ማንንም ሳያስፈቅዱ ይገባሉ። እርስዎም በሰላም ይረፉ፣ ወንድም ጋሼ።