ሞጣ ናት ያልናት እህቴ

ሰው ቴሌቪዥኑን ሳይቀንስ ወደ ቀጥታ ስርጭት ሲደውል የሚወጣውን ድምፅ ታውቁት የለ? መጀመሪያ ንግግሩ ይደጋገማል፣ ቀጥሎ ቀጭን ፉጨት ይሆንና ጆሮ ይበሳል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ቢቸና፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ እጅጌ እያስለካሁ ቆሜ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን እንደዚያ አፏጨ። ስለ ደም ግፊት ነበር የሚወያዩት። አዘጋጁ ረጋ ብሎ፣ «የቴሌቪዥንዎን ድምፅ ይቀንሱልን» አለ። ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ፊቴን አየና ደነገጠ።

«መርፌው ወጋዎት እንዴ?»

«አዎ፣ ወጋኝ» አልኩት። ምን ልበለው።

ያን ፉጨት በቤታችን የሰማሁት ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ እናታችን ብቻዋን ነው የምታሳድገን። ቤታችን ከአንዲት ጨርቅ ነጋዴ ቤት ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋጠማል። እሷ የሞጣ ነጋዴዎች ልጅ ናት፣ ቢቸና አግብታ የቀረች እስላም፤ በየሳምንቱ ወደ ሞጣ ገበያ ትመላለሳለች። በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያላት እሷ ብቻ ስለነበረች እሁድ ከሰዓት የጤና ውይይቱ ሲጀምር የሰፈሩ ሴት ሁሉ በጣቃዎቿ መካከል ተጨናንቆ ይቀመጣል። ቤቷ ውሃ ያልነካው የአቡጀዲ ሽታ ነበረው፣ ደረቅ፣ አፍንጫ የሚኮረኩር። አዘጋጁ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል እሷ ጮክ ብላ «አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ?» ትላለች። ብንስቅባትም አትተውም። «በሰው ቤት ገብቶ ሰላም ያለን ሰው ዝም ይሉታል?» ትለን ነበር።

ከዚያው ግድግዳ ወዲህ፣ በእኛ ጓዳ፣ ታላቅ እህቴ ነበረች።

ወደ ጉንደ ወይን ግድም ላለ ገበሬ የዳርናት በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ምጡ ሦስት ቀን ያዛት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና አይገባበትም፤ በቃሬዛ ተሸክመው ከጤና ጣቢያ ሲያደርሷት ልጁ ሞቶ ነበር። እሷ ተረፈች። ግን ሽንቷ አልቆም አለ። እንደ ምንጭ፣ ተኝታም ቆማም ይወርዳል። ባሏ ሁለት ወር ያህል አየና አንድ ማለዳ በበቅሎ አምጥቶ በራችን ላይ አወረዳት። የበቅሎዋን ኮቴ ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ሲመጣ ቀስ ያለ፣ ሲመለስ የፈጠነ።

እናታችን ከመጋረጃው ጀርባ አስገባቻት። ጨርቅ ነጋዴዋ በዚያው ቀን፣ «ማን መጥቶባችሁ ነው?» ስትል፣ እናቴ፣ «የልጄ ባል ነው። እሷማ ሞጣ እህቴ ዘንድ ልታገግም ሄደች» አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም እናቴ። ሰው እርግማን ነው ይላል ብላ ፈራች። እኔም ገና ያልተዳርኩ ነኝ።

እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተባለ ሥራ ያመጣል። ጨርቅ ነጋዴዋ ለገበያ በተነሣች ቁጥር በራችን ላይ ቆማ፣ «ለልጅቱ የምትልኪላት አለ?» ትላለች። እናቴም ሽሮና በሶ ቋጥራ ትሰጣታለች። ሞጣ ያለችው አክስቴ ምስጢሩን ታውቃለችና ስንቁን ትቀበላለች፤ ልጅቱ ቤት እንደሌለች፣ ውሃ እንደወረደች፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ትነግራታለች። ጨርቅ ነጋዴዋ ተመልሳ፣ «ዛሬም አላገኘኋትም፤ ደህና ናት ግን፣ ሰላም ብላሻለች» ስትል እናቴ ከመጋረጃው ፊት ቆማ «ተመስገን» ትላለች። ልጅቱ ከኋላዋ ቁጭ ብላ የራሷን ሰላምታ ትሰማለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔና እህቴ አፋችንን በነጠላ አፍነን እንስቅበት ነበር። ኋላ ተውነው።

ጓዳው የልብስ ሳሙና ይሸታል። ከሳሙናው ሥር ግን ሌላው ሽታ አለ፣ ብናጥበውም አይለቅም። ጨርቋን ውጭ ማስጣት ስለማይቻል እዚያው ገመድ ላይ ይንጠባጠባል። መስኮቱ ዝግ ነው። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የምትገባ ጠብታ የምታህል ብርሃን ከግድግዳው ወደ ወለሉ ስትወርድ እያየች እህቴ ሰዓቱን ትነግረኛለች፤ ብዙም አትስትም። ውሃ ግን እምቢ አለች። «ካልጠጣሁ አይወርድም» ትልና ከንፈሯን ብቻ አርሳ ጣሳውን ትመልስልኛለች። ለሞጣ ስንቅ እየተላከላት እዚህ በጥም ትደርቅ ነበር።

ስምንት ወር እንዲህ ሄደ።

ያን እሁድ እናቴ ለቅሶ ቤት ሄዳለች። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬአለሁ። የዕለቱ ውይይት በምጥ ስለሚጎዱ ሴቶች ሆነ። ነጭ ካፖርት የለበሰች ሐኪም፣ «እርግማን አይደለም፤ ፊስቱላ ይባላል። በምጥ ብዛት የመጣ ቁስል ነው፣ በኦፕራሲዮን ይጠገናል» አለች። ገበያ ዳር ኮረሪማና ዝንጅብል የምትሸጠው ቅመም ነጋዴ፣ ዘወትር እየቀለደች የምታስቀን ሴት፣ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥር ጀመር።

ያኔ ግድግዳው ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ።

«ይሄ አይጥ ጣቃዬን ሊጨርሰው ነው» አለች ጨርቅ ነጋዴዋ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ።

እህቴ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቆማለች።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«ደውዪላቸው። የት እንደሆነ ጠይቂ። ስም እንዳትጠሪ።»

የእናቴ ስልክ መደርደሪያው ላይ ነበር። የፕሮግራሙን ቁጥር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። አራት ጊዜ ተይዟል አለኝ፤ በአምስተኛው ጠራ። አዘጋጁ፣ «ከየት ነው የሚደውሉልን?» ሲል ምላሴ የለመደውን ተናገረ። «ከሞጣ» አልኩ።

ወዲያው ፉጨቱ መጣ። የገዛ ድምፄ ከጎረቤት ቤት ዞሮ በግድግዳው በኩል ይመጣብኛል። አዘጋጁ፣ «እባክዎ የቴሌቪዥንዎን ድምፅ ይቀንሱልን» አለ። የምቀንሰው ምን አለኝ? ወደ ጓሮ ብወጣ ይበቃ ነበር። ግን እህቴ ክንዴን ይዛኛለች፤ መውጣቱ ትዝም አላለኝ። ከግድግዳው ወዲያ ጨርቅ ነጋዴዋ ስትቆጣ ሰማኋት። «ቀንሱ ሲል አትሰሙም እንዴ? ሰውየው ለምኖ ሞተ እኮ» አለችና ቀነሰችው። ፉጨቱ ጠፋ።

«አሁን ጥሩ ነው፣ ይቀጥሉ» አለኝ አዘጋጁ።

ቀጠልኩ። ሩቅ አገር ያለ ሰው እንዲሰማኝ ብዬ እየጮኽኩ ቀጠልኩ። «እህቴ ናት። ከወለደች ወዲህ ሽንቷ አይቆምም። ባሏ መለሳት። ጓዳ ነው የደበቅናት። የት እንውሰዳት?»

ሐኪሟ፣ «የኔ ልጅ፣ ይድናል» አለችኝ። «ባህር ዳር ይታከማሉ፣ በነፃ ነው። ዛሬ ነገ ሳትሉ አምጧት።» ለእህቴ ነገርኳት። ሳቀች። ጥርሷን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

ከዚያ ነው ጸጥታውን ያስተዋልነው። በወዲያኛው ቤት ቴሌቪዥኑም ሰውም አይናገርም። አንዲት ሴት ሳለች። ሳሉ እንደ አጠገብ ሰው ሳል ጥርት ብሎ ሲሰማን እህቴ ክንዴን ለቀቀችው።

እናቴ ስትመጣ እህቴ ራሷ ነገረቻት። «እማዬ፣ ይድናል አሉ።» እናቴ ነጠላዋን ሳታወርድ ቆማ፣ «ማን ሰማ?» አለች። ሌላ አልጠየቀችም። መጋረጃውን እያስተካከለች፣ «ወሬው ይብረድ፤ ባህር ዳርም ይደረስበታል» አለች።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ቅመም ነጋዴዋ ናት፣ የታጠፈ ነገር በነጠላዋ ሥር ይዛለች። «ልጅሽን ልጠይቃት ነበር» አለች። እናቴ፣ «ሞጣ ናት» አለቻት። ማክሰኞም መጣች፤ እናቴ ያንኑ መለሰችላት። ሮብ ዕለት እናቴ ገበያ ነበረች፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የኮረሪማው ሽታ ከእሷ በፊት ገባ። ጎንበስ አለችና በትከሻዬ በኩል መጋረጃውን አየች።

«እህትሽ አለች፣ የኔ ሆድ?»

«ሞጣ ናት፣ እትዬ» አልኩ።

ቀና አለች። «እንግዲያ ስትመጣ ንገሪኝ» ብላ ሄደች።

ሐሙስ እናቴ እህቴን አልብሳ፣ ሸፋፍና፣ በመጀመሪያው መኪና ወደ ሞጣ ወሰደቻት። ያልነውን እውነት ለማድረግ ነው። መንገዱ ሲደርቅ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ ከዚያ ወደ ባህር ዳር ትሄዳለች ተባለ። ጨርቅ ነጋዴዋም ስንቁን መቀበሏን ቀጠለች፤ ስለዚያ እሁድ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ። አሁን ግን ተመልሳ ስትመጣ፣ «አገኘኋት፣ ከስታለች» ትል ጀመር። ቀጥሎ፣ «ትኩሳት ይዟታል» አለች። በነሐሴ አንድ ቀን ገበያው ሳይፈታ ተመለሰች። ስንቁን እንደተቋጠረ ይዛው ነበር። እናቴ ቋጠሮውን አየችና በሩ ላይ ተቀመጠች። እህቴን የገደላት ኩላሊቷ ነው አሉን ኋላ። እዚያው ሞጣ ተቀበረች።

ለቅሶው ላይ ቅመም ነጋዴዋ አጠገቤ ተቀመጠች። ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ ጠብቃ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«እኔም እንደ እሷ ነበርኩ» አለችኝ። «ባህር ዳር ነው የዳንኩት። ይዣት ልሄድ ነበር ያን ጊዜ የመጣሁት፣ የምትለውጠው ቀሚስ ሁሉ ይዤ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«በር ላይ ቆሞ እንዴት ይነገራል፣ ልጄ? ከዳንኩ በኋላ ያገባሁት ነው ባሌ። አያውቅም።»

እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች። አልነገርኳትም። ከቅመም ነጋዴዋም ጋር ዳግም አላነሣነውም፤ ገበያ ስንገናኝ በርበሬ መርቃ ትሰፍርልኝ ነበር።

የሮቡን ቀን ነገር ግን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ወደ ጓዳ መዞር ፈርቼ። እህቴ የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ደህና መለስሽላት» አለችኝ። «እማዬ ብትሰማሽ ደስ ይላት ነበር።» ከዚያ አየር ሳብ ስታደርግ ሰማኋት። «እንዴት ደስ የሚል ሽታ ነው ያላት» አለች። «በሩን ቶሎ አትዝጊው።»

አንድ ስንዝር ያህል ገርበብ አድርጌ፣ እናቴ ከገበያ እስክትመለስ ድረስ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።