የብየዳ ቤቱ አፍንጫ

በያጁ ስም ነበረው፤ ስሙን የሚያስታውሱት ግን ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው ሁሉ «አፍንጫው» ይለዋል። ጠዋት ጠዋት ከጋዝ ቦምቦላው ሥር ይንበረከክና ቱቦውን ተከትሎ እስከ መበየጃው ጫፍ እያሸተተ ይሄዳል። ከዚያ ቀና ብሎ «ንጹህ ነው» ይላል። እሱ ይህን ሳይል ላይተር የሚጭር ጀግና በዚያ ቤት አልተወለደም።

እሳቱን የሚለኩሰው አብሮት የሚሠራው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ይኸው ልጅ አንድ ቀን እሳት ማገጃ የሚባሉ ሁለት ቫልቮች ገዝቶ መጣ። እሳቱ በቱቦው ውስጥ ወደ ቦምቦላው ልመለስ ካለ መንገድ ላይ የሚያስቀሩ ናቸው። ሻጩ በተጨማሪ መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ እየቀባችሁ ፈትሹ ብሎት ነበር።

አፍንጫው ቫልቮቹን አገላብጦ አያቸው። «እኔ እያለሁ?» አለ። የሳሙናውን ነገርማ «ልብስ ልናጥብ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። ቫልቮቹ ከነፌስታላቸው መስኮት ላይ ወጥተው አቧራ ሲጠጡ ከረሙ።

ችግሩ ትንሽ ነገር ናት። አምና ጉንፋን ከያዘው ወዲህ የተከበረው አፍንጫ ምንም አያሸትም። ሽንኩርት አይሸተው፣ ሽንት ቤት አይሸተው፣ ጋዝ አይሸተው። ሌላ ሰው ቢሆን ይናገር ነበር። እሱ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ማሽተቱን አስረዘመው። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ይመለሳል። ያየው ሁሉ «ሰውየው እኮ ሙያው ጨመረ!» ይላል። ላይተሩ በተጫረ ቁጥር ግን የእሱ ልብ ቀጥ ትል ነበር።

ሚስቱ የደረሰችበት በወተት ነው። ጥዳው ወጥታ ከጎረቤት ጋር ወሬ ስትሰልቅ ቆይታ ብትመለስ ወተቱ አርሮ ቤቱ ከርፍቷል። ባልየው እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ የተቀደደ ጓንቱን ይሰፋል።

«ወተቱ አልደረሰም እንዴ?» አላት ጭራሽ።

«አንተ! አይሸትህም?»

«አፍንጫዬን እንዳትነኪ!» ብሎ ተኮፈሰ።

ወንድሟ ትዝ ሲላት ልቧ ስንጥቅ አለ። በማግስቱ ጠዋት ተከትላው ሄደች። ገና ከበሩ ስትደርስ ክፉ ሽታ ተቀበላት። ባሏ ከቦምቦላው ሥር ተነስቶ ጉልበቱን እያራገፈ «ንጹህ ነው» አለ።

«ኧረ ይሸታል!» ብላ ጮኸች።

ወንድሟ ላይተሩን እንደያዘ ሳቀ። «እትዬ ደግሞ! እኔንም ሸቶኝ ነበር። ግን ጋሼ ንጹህ ነው አሉ እኮ።»

አውራ ጣቱን ላይተሩ ላይ አደረገ። ሚስት ባሏን አየችው። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እያየው ነው።

«እንዳትጭረው!» አለ አፍንጫው በመጨረሻ፤ ድምፁ የሰው ድምፅ አይመስልም። «አይሸተኝም። ካምናው ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

ሚስትየው ሮጣ ቦምቦላውን ዘጋች። ወንድሟ ብረት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ በምን ተማምኜ ነው ስለኩስ የከረምኩት?»

«በእኔ» አለ አፍንጫው፣ ቀና ብሎ ሊያየው ሳይደፍር።