እናቷ አጥፊው ያሏት ሰው

ፎቶ ቤቱ ውስጥ «ዶክተር» ይሏታል። ብጉርና ማድያት በአንድ ቀን ስለምታድን ነው እንጂ፣ መርፌ ስታይ ዓይኗን የምትጨፍን ሴት ናት። አሥራ አራት ዓመት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የሰው ፊት ስታቃና ኖራለች። አንድ ነገር ግን ብትሞት አታደርግም፤ አትሰርዝም። ድሮ የአንዲት ሙሽራን ማርያም የሳመቻትን ምልክት አጥፍታባት፣ ሙሽራዋ ሱቁን በለቅሶ ካደበላለቀችው ወዲህ ቆርጣለች። የፎቶ ቤቱ ባለቤት «ኧረ ላጲሱን ተጠቀሚና ገላግይን!» እያለ ይነዘንዛታል። እሷ ወይ ፍንክች! ፎቶው ላይ ማስክ የሚሉትን መሸፈኛ ታለብሳለች። ማስኩን በጥቁር የቀባችበት ቦታ ይደበቃል፣ በነጭ ስትቀባው ተመልሶ ይመጣል፤ ፎቶው ራሱ አይነካም።

እናቷ ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው። አባቷ ሌላ ትዳር መሥርተው የሄዱ ጊዜ፣ ያለቻቸውን አንዲት የቤተሰብ ፎቶ ይዘው መጡ።

«ይህን ሰውዬ ድራሹን አጥፊልኝ። ጥፍሩ እንኳ ቢቀር ቤትሽን አልረግጥም!»

ቀልድ አይደለም። ከገዛ እህታቸው ጋር በአንድ ቃል ተቀያይመው ስምንት ዓመት የተዘጋጉ ሴት ናቸው። ዶክተር ፎቶውን ስካን አድርጋ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባችና ከሥሩ ከዚያው ፎቶ የቀዳችውን የመጋረጃ ቁራጭ አነጠፈች፤ አባቷን በማስክ ስትደብቃቸው በቆሙበት መጋረጃ ብቻ ታየ። «አጠፋሁት» አለች። ዋሸች። ፎቶው ታትሞ እናቷ ሳሎን ተሰቀለ፤ አባቷ ግን እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀሩ።

ሰባት ዓመት አለፈ። የእናቷ ጣሪያ አፍስሶ ፎቶው በሰበሰና አንድ ሰኞ ሱቁ ድረስ መጡ። «ሌላ አውጪልኝ» ብለው ከኋላዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዶክተር ፋይሉን ከፈተች። ከማተሟ በፊት ሁልጊዜ ማስኩን ለአፍታ ታነሳና ጠርዙ መስተካከሉን ታያለች። እጇ ለምዶት፣ ሳታስበው ቁልፉን ተጫነች።

አባቷ ብቅ አሉ። ግራጫ ኮት ለብሰዋል። ካሜራውን ትተው እናቷን እያዩ ይስቃሉ።

ዶክተር ክው አለች። ልትሸፍናቸው ማውሱን ያዝ ስታደርግ እናቷ «ተዪ» አሏት።

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«ተዪ አልኩሽ!»

መነጽራቸውን ከቦርሳ አውጥተው አደረጉ፤ ወንበራቸውንም ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። ባለቤቱ ደንበኛ መጣ ብሎ ሁለቴ ተጣራ፣ የሚመልስለት አላገኘም። ዶክተር ፈርታለች። በቃ፣ ከዛሬ ወዲያ እናት የለኝም ብላ ቁርጧን አውቃ ስድቡን ትጠብቃለች። እናቷ ግን ፎቶውን ያያሉ።

«እንዲህ ያየኝ ነበር እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

ዶክተር እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

«በይ ሸፍኚው።»

ሸፈነችው፤ አተመች። እናቷ ፎቶውን በፖስታ ይዘው በሩ ጋ ደረሱና ዞር አሉ።

«ሐሙስ ሥራ ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ሐሙስ እመጣለሁ። እሱን ገልጠሽ ጠብቂኝ።»