ለልደታ የደፈንነው ቀዳዳ

ቀጨኔ፣ የእኛ መንገድ ቁልቁለት ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በቤቶቹ መካከል ባለው ቦይ አልፎ ወንዝ ይገባል። ቦዩ ከእኔ በር ፊት ለፊት ሰፋ ይላል። እዚያው ጋ፣ የቤታቸው ጀርባ ከቦዩ ዳር የተጠጋ፣ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። እማማ ነው የምንላቸው። ቤታቸው የጭቃ ነው፤ ከእሳቸው ጋር አርጅቷል። በሙሽርነት ወደዚህ ሠፈር ስመጣ በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ እዚህ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ባልዲሽን አዘጋጂ» ያሉኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ይህን አልረሳም።

ቦዩን ከድነን መሰብሰቢያ እናድርገው ያልኩት እኔ ነኝ። አስቀድሜ ልናገር።

ሐሳቡ የመጣው ከለቅሶ ቤት ነው። ከእኛ አራተኛው ቤት አንድ አባት ዐረፉ። ዕድሩ ድንኳን የሚተክልበት ሜዳ አጣ። በእኛ መንገድ ላይ ቢተከል አግዳሚው ወደ ታች ይንሸራተታል። ስለዚህ ታች፣ ታክሲ የሚያልፍበት አስፋልት ዳር ተተከለ። ለቀስተኛው ከሟች ቤት ርቆ፣ የመኪና ጡሩምባ እየሰማ ተቀመጠ። እኔ ከአንዲት ልጅ አጠገብ ቦታ አገኘሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሟቹ ምን አግኝቷቸው ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አባባ ስኳር ነበረበት» አለችኝ።

ሁለት ዓመት በአንድ መንገድ ስንተላለፍ የሟቹ ልጅ መሆኗን አላውቅም ነበር። የድሮ ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል። በየቤቱ ተከራይ ገብቷል። «ደኅና ዋላችሁ» ተባብለን በር እንዘጋለን። ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ወደ ቤቴ ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በየቤቱ ዞርኩ። ጥግ ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ሳቀችብኝ።

«ቦይ ላይ ልታስቀምጪን ነው? ሌላ ቦታ አጥተሽ ነው አንቺ?»

«ሜዳ ካለሽ አምጪው» አልኳት።

«ሜዳማ የለኝም። ሸራ አለኝ።»

«እሱም ይበቃል።»

ከመንገዱ ጫፍ ላይ የሚኖረው ግንበኛ ግን አልሳቀም። ወርዶ ቦዩን አየ። ጎንበስ ብሎ የእማማን ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይቻላል» አለ። «ግን አንድ ነገር አለ። ይህ ውሃ ብቻውን አይመጣም፤ የላይ ሠፈሩን ፌስታል ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። እዚህ ጋ ይጠራቀማል። ስለዚህ ቀዳዳ እንተዋለን፤ በእንጨት እየጎተትን የምናወጣበት። ቀዳዳው ከተዘጋ ውሃው ወደ ጎን ነው የሚሄደው።» ወደ ጭቃው ግድግዳ አመለከተ። «ጎኑ ደግሞ ይኸው።»

ሁላችንም ሰምተናል። እኔም ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሠራን። አንዱ ያፈረሰውን የማድ ቤት ድንጋይ አመጣ፤ ሌላው ከሚሠራበት የተረፈ ፌሮ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ከታች ያለ አሸዋ በጆንያ እየተቀባበልን ወደ ላይ አወጣን። ባለሱቋ ሸራዋን ዘረጋች፣ ውሃም አቀበለች፣ አፏንም አላሳረፈችም። እማማ በራቸው ላይ በርጩማ አስቀምጠው ያዩን ነበር። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» ይሉናል፤ ምን እንደሰጠናቸው ሳላውቅ አሜን እላለሁ።

ሚያዝያ ላይ አለቀ። በእርምጃ አሥር በስድስት የሚሆን ሜዳ አገኘን። መሐሉ ላይ የብረት ፍርግርግ የተገጠመበት ቀዳዳ አለው። ልጆች ገመድ ዘለሉበት። እኛ ጎመን እየቀነጠስን ተቀመጥንበት። ተከራዮቹ መጀመሪያ ቆመው፣ ኋላ ተቀምጠው ያወሩ ጀመር። አንደኛው ፀጉር አስተካካይ መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው፤ እሑድ እሑድ ሽማግሌዎቹን በነፃ ይላጫል። አባቷ የሞተባት ልጅም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ተመስገን አልኩ። ዛሬም ተመስገን እላለሁ፤ ያ ደስታ ውሸት አልነበረም።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ግንቦት አንድ ቀን ጎረቤት ከቤቱ ወጥቶ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ዳቦውን ቆርሶ፣ ዓመቱ የሰላም እንዲሆን በደጅ የሚለምንበት ቀን ነው። እኛ ስንት ዓመት በየበራችን ለየብቻ ስናደርገው ኖረናል። ዘንድሮ በአንድ ላይ ሊሆን ነው። ዋዜማውን ቦታውን ስንጠርግ ግን ከቀዳዳው ሽታ መጣ። ከባድ ሽታ ነው።

«በዚህ ላይ ጸሎት ይደረጋል?» አልኩ።

ግንበኛው ፍርግርጉን አየ፣ እኔን አየ። «ቦይ ነዋ፣ ይሸታል።»

«የእመቤታችን ልደት ነው። ንፍሮው እዚህ ሊቀርብ ነው። ለነገ ብቻ ድፈንልን።»

«ድፍን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነግሬሻለሁ።»

«ለአንድ ቀን ምን ይሆናል? በነጋታው ትከፍተዋለህ።»

ራሱን ነቀነቀ። እምቢ ግን አላለኝም። በሠፈሩ ስለ በዓል የምናገረው እኔ ነኝ፤ ሰው ያከብረኛል። በስሱ የተሞላ የሲሚንቶ ክዳን፣ ሶሌታ፣ አመጣና ቀዳዳው ላይ አስቀመጠ፤ ዙሪያውን በሲሚንቶ ለሰነው።

በዓሉ አምሮ ዋለ። ሽታ የለም። እማማ ንፍሮ ዘግነው ለልጆች ሁሉ አደሉ። በነጋታው ግን ግንበኛው ሱሉልታ ሥራ አግኝቶ በጠዋት ሄደ። እኔ እሱ ይከፍተዋል አልኩ። ሌላው እኔ አስከፍታለሁ ብሎ ይሆናል። ቦታው ጠፍጣፋ ሆኖ ይበልጥ አምሮ ነበር።

ሰኔ ሲገባ አይጦች በቀን መውጣት ጀመሩ። ከቦዩ በኩል እየወጡ በመንገዱ ላይ፣ በሰው መሐል ይሄዳሉ። ባለሱቋ «ለእነሱም መሰብሰቢያ ሠራንላቸው» አለች፤ ሳቅን። እሷ ድመት አመጣች።

ከዚያ የእማማ በር አልዘጋ አለ። ግንበኛው ለእሑድ መጥቶ ነበር፤ የበሩን እግር በመላጊያ ላገላቸው። «እንጨት በክረምት ያብጣል» አለ። ሲወጣ ሶሌታው ላይ ሰዎች ዳማ ሲጫወቱ አየ፤ ቆመና «ለካ አልተከፈተም» አለ። «ቅዳሜ እከፍተዋለሁ።» ቅዳሜ በቦታው የአንድ ተከራይ ልጅ ክርስትና ተደገሰ። ከዚያ በኋላ ማንም አላነሣውም፤ እንዲሁ አለፈ።

ሌሊት ሌሊት ሲዘንብ ውሃው ከሶሌታው ሥር ሲያልፍ ይሰማል። መጀመሪያ እንደ ወራጅ ውሃ ነበር። ኋላ እንደሚውጥ ሰው ጉሮሮ ሆነ።

ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እማማ ጋ ጎራ እያለች ዳዊት ታነብላቸዋለች፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሰኔ አሥራ አንድ ቀን የዩኒፎርም ሹራቧን ላጥብ ሳነሣ ጀርባው ጭቃ ሆኗል። በዚያው ሳምንት አንድ ጊዜ አጥቤዋለሁ። ጭቃው እርጥብ ነው።

«ምን ላይ ተደግፈሽ ነው?»

«እማማ ግድግዳ ላይ።»

«ግድግዳ እንዲህ አይዝም።»

የሹራቡን እጅጌ ያዝ አደረገች። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብለውኛል» አለችኝ።

ሹራቡን ትቼ ሄድኩ። እማማ አልጋቸውን ከግድግዳው አርቀው ወደ መሐል ስበውታል። በዚያ ዕድሜ እንዴት እንደሳቡት አላውቅም። ግድግዳውን በጣቴ ነካሁት፤ ጣቴ ገባ።

«እማማ፣ ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትንሽ እርጥበት ነው። በጋ ሲመጣ ይደርቃል።»

«ቀዳዳው መከፈት አለበት።»

«ነገ ሚካኤል ነው፣ ልጄ። ለእኔ ተብሎ በዓል አይሻርም። ከነገ ወዲያ ይደርሳል።»

«እንግዲያው ዛሬ እኛ ጋ ይደሩ።»

«ቤቴን ባዶ ጥዬ የት ሄጄ አድራለሁ?»

ከነገ ወዲያ የሚለውን ተቀበልኩ። በዓል አከብራለሁ፤ በሚካኤል ቀን ዲጂኖ አይነሣም። ይህን ነው ለራሴ ያልኩት። ሹራቡን አጥቤ ሰቀልኩና ተኛሁ። ሌሊቱን በኃይል ዘነበ።

ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። መንገዱ ታጥቧል። መሰብሰቢያችን ላይ ስደርስ ቆምኩ። ምንም አይሰማም። ያን ሁሉ ዘንቦ ከሶሌታው ሥር ድምፅ የለም። ውሃው ከላይ ሲገባ አያለሁ፤ ከታች በኩል ሄጄ አየሁ፣ የሚወጣው እንደ ክር የቀጠነ ነው።

በበዓሉ ማስቆፈር ይፈቀድልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ስልኩ አይነሣም፤ በክብረ በዓሉ ላይ ናቸው። እንጦጦ ላይ ደመናው እንደገና ጠቁሯል።

መጀመሪያ እማማን አወጣኋቸው። ክንዳቸውን ይዤ ስወጣ በሩ እንደገና ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ በትከሻዬ ነው የገፋሁት። እኔ ቤት አስቀምጫቸው ከልጄ ጋር ተውኳቸው። ከዚያ ግንበኛውን ጠራሁ። በዓሉን ለማክበር ከሱሉልታ መጥቶ ነበር። ነጭ ጋቢውን ለብሶ ወረደ። ጎረቤቱም ተሰበሰበ።

«ክፈትልን» አልኩት።

«ዛሬ?» አለ። «እኔ የሚካኤልን ማኅበር ነው የምጠጣው። አባቴም ይጠጣ ነበር። በዚህ ቀን ብረት ይዤ አላውቅም። ነገ በጠዋት፣ ጎህ ሳይቀድ።»

ባለሱቋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «በማርያም ቀን ልብስ አሰጣሽ ብለሽ ሰው ፊት ያሳፈርሽኝ አንቺ አይደለሽም? ዛሬ ዲጂኖ ታስነሺያለሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«እና ዛሬ በዓል አይደለም?»

«በዓል ነው።»

 ዲጂኖው ከእነ አካፋው እዚያው ሸራው ሥር ነበር። አማተብኩና አነሣሁት። ከበደኝ። ሶሌታውን መታሁት፤ ዲጂኖው ነጥሮ ክንዴን አደነዘዘው። እንደገና መታሁ።  በሦስተኛው ግንበኛው ጋቢውን አውልቆ ለባለሱቋ አስታቀፋት።

«ስጪኝ፣ እጅሽን ትሰብሪዋለሽ» አለ። አማተበና ተቀበለኝ።

ዳሩን ሲፈነቅለው ሶሌታው ከሥር ተገፍቶ ተነሣ። ጥቁር ውሃ ወደ ላይ ወጣ፤ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። ፌስታል፣ ጨርቅ፣ የፍራሽ ቁራጭ ይዞ ወጣ። ሽታው ያኔ የፈራሁት ሽታ አልነበረም፤ ሳምንታት ታፍኖ የቆየ ነበር። ወንዶቹ በእንጨት ጎተቱ፣ ሴቶቹ በባልዲ ቀዳን። ባለሱቋ ጋቢውን በራሷ ላይ ጠምጥማ ከሁላችን ፊት ገብታ ትቀዳ ነበር። ብዙ ቆይቶ ከታች በኩል ውሃው ሲለቀቅ ተሰማ። 

ግንበኛው ወደ እማማ ቤት ገብቶ ቶሎ ወጣ። «ማንም አይግባ» አለ።

«ቤቱ ይተርፋል?» አልኩት።

«የግድግዳው ሆድ ውሃ ነው።»

እማማ ከእኔ ቤት ሆነው ዳዊታቸውን እንዲያመጡላቸው ላኩ። አልሄድኩም፤ ሌላም ሰው እንዲሄድ አልፈቀድኩም። ሰባት ሰዓት ላይ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግድግዳው ወደቀ። እንደ ፈራሁት አልጮኸም፤ ጭቃ ስለሆነ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጣራው ተከትሎ ወረደ። አልጋው መሐል ቤት ቢሳብም አላመለጠም።

እንደ ወትሮው ቢሆን እማማ በዚያ ሰዓት አረፍ ይላሉ። ልጄም እግራቸው ሥር ትሆን ነበር።

ለንስሐ አባቴ በኋላ ሁሉንም ነገርኳቸው። በዓል መሻሬን ስናገር አቀርቅረው ሰሙኝ። ቀዳዳውን ማስደፈኔን ስናገር ቀና አሉ። ቀኖናውን የሰጡኝ ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ግድግዳው በወደቀበት ዕለት ግን፣ ገና ሳይመሽ፣ እማማ በልጄ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤት ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ነጠላ ይዞ እየገባ ይወጣል። ባለሱቋ የራሷን ፍራሽ አምጥታ ግድግዳው ሥር አነጠፈችና ምንም ሳትናገር ሄደች። እያንዳንዱን ሰው በስሙ ጠርቼ አመሰገንኩ፤ ስማቸውን ሁሉ አውቀዋለሁ። ቤቱ ጭር ሲል እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«በግድግዳው በኩል ስትስቁ ይሰማኛል» አሉ። «በዚህ መንገድ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ። ብነግርሽ ታፈርሺው ነበር።»

«አፈርሰው ነበር፣ እማማ።»

«አየሽ» አሉ።

 እግራቸውን በሞቀ ውሃ አጠብኩላቸውና አደረቅኩት። ውጭ አላባራም። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ በተከፈተው ቀዳዳ ሥር ሲሮጥ ይሰማል፤ ከቦዩ ወዲህ የሚቀጥለው ግድግዳ የእኔ ነው። ሐምሌ ገና አልገባም ነበር።