ሥራ፦ ቀጥቃጭ

ዓርብ፣ ግንቦት 16 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠዋት ጫኔ ሲሞት፣ አሰብ፣ ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለው የቆርቆሮ ዳሱ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር ሳያልቅ ቀረ። አሥራ ሁለተኛው ነበር። አራቱም እግሮቹ ተበይደዋል። ሦስቱ ቀዩን የዝገት መከላከያ ተቀብተዋል፤ አራተኛው ገና በብርጭቆ ወረቀት እየተፈገፈገ ስለነበር ግማሹ ያበራል፣ ግማሹ ጠቁሯል። መቀመጫው ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎን የተቆረጠ ላሜራ ሲሆን «ሰው መጫን ክልክል ነ» የሚል ጽሑፍ አለበት። «ው» ከመጋዙ ማዶ ቀርታለች።

ይህ ሰው ምን ይሠራ እንደነበር ለሚጠይቅ መልሱ አንድ ቃል ነው። ቃሏን መዝገብ ላይ ለማስጻፍ ግን ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ፈጅቶበታል።

ጫኔ የተወለደው ጎጃም፣ አባቱ ማረሻና ማጭድ በሚቀጠቅጥበት ቤት ነው። ገበሬው ማረሻውን ከአባቱ እጅ ይቀበላል፤ ከአባቱ ማዕድ ግን አይቆርስም። ቀጥቃጭ ዓይኑ ይበላል ይባላላ! ጫኔ ይህን እያየ አደገና በ1958 ዓ.ም. የነዳጅ ማጣሪያው ሲገነባ በጉልበት ሠራተኛነት አሰብ ወረደ። ብየዳውን ከአንድ ጣሊያናዊ አለቃው ትከሻ ሥር ቆሞ በማየት ብቻ ተማረ። ግንባታው ሲያልቅ የምስክር ወረቀት ያላቸው ቀሩ፣ እሱ ተሰናበተ። አንድ አሮጌ የብየዳ ማሽን ገዛ፤ አራት ቋሚ ተከለ፤ በላዩ ቆርቆሮ ጣለበት። በቤቱ በር ላይ በገዛ እጁ በሰማያዊ ቀለም ጻፈ፦ «ጫኔ ቀጥቃጭ። አልጋ፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ።»

«በያጅ በል እንጂ» አሉት ሰዎች። «ቴክኒሻን በል። እዚህ ማን ያውቅሃል?»

«እኔስ ራሴን አላውቅም?» አላቸው።

የተጣለ ቱቦ እሱ እጅ ሲገባ የአልጋ እግር ይሆናል። የመኪና ባሌስትራ የወንበር መደገፊያ ይሆናል፤ ሲደገፉት ትንሽ እሺ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ግን አይበገርም። ከመርከብ የወረደ ወፍራም ብረት የጠረጴዛ ፊት ይሆናል። ሰው ሁሉ የሚያየው ብየዳውን ነው፤ ጫኔ የሚኮራው ግን በማጠናቀቂያው ነበር። የአሰብ አየር ብረት ይበላል። ጨው ከቀለም በታች ከቀረ፣ ቀለሙ ምንም ቢያምር በሦስት ወር ያብጥና ይፈነዳል። ስለዚህ ቀለም ከመንካቱ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ በሚጠጣ ውሃ ሁለት ጊዜ ያጥባል፤ ፀሐይ ላይ ያደርቃል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብረቱን በምላሱ ጫፍ ነካ ያደርገዋል። ጨው ከቀመሰ እንደገና ይታጠባል። የሰፈሩ ሰው ሳቀበት። ውሃ በጀሪካን ተለምኖ በሚገኝበት አገር ብረት ማጠብ!

ባለቤቱ ትሩፋት ደግሞ «እኔ የሠራሁትን ወጥ እንደዚህ ቀምሰህልኝ አታውቅም» ትለው ነበር።

«ያንቺን ጨው አምነዋለሁ» ይላታል።

በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ልጃቸው ይርጋለም በትኩሳት ሞተ። ዕድር አልነበራቸውም፤ ድንኳን አልተተከለም። ሬሳውን ይዘው የሄዱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ራሱ ጫኔና ከባሕር ዳሯ መንደር ከበይሉል ዓሣ እያመጣ የሚሸጠው ጎረቤቱ ሐመዱ። ሐመዱ ሙስሊም ነውና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ጫኔ ልጁን ብቻውን ታቅፎ ገባ።

በነሐሴ የሰፈሩ ዕድር ውስጥ ለመግባት ጠየቀ። የዕድሩ ጸሐፊ አሥራት የተባለ መምህር ነው፤ ሊቀመንበሩ አቶ ክፍሌ ወደቡ ላይ የመጋዘን ጸሐፊ ነው። አሥራት መልሱን ይዞ ዳሱ ድረስ መጣና ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ተናገረ።

«ባንተ ላይ ማንም ቅሬታ የለውም፣ ጫኔ። ቃሉ ነው። መዝገቡ ላይ 'በያጅ' ብለን እንጻፍህ፤ አንተም ያንን በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቀለም ቀባበት። በቃ፣ ገባህ።»

«ቃሉ ምን አደረጋችሁ?»

«ሰው ይፈራል። ታውቀዋለህ እኮ።»

«ዓይኔን ነው? ቀኑን ሙሉ በጥቁር መነጽር ተከድኖ የሚውል ዓይን ማንን ይበላል?»

አሥራት ሳቁ አመለጠውና ወዲያው ዋጠው። ጫኔ አልሳቀም። «ቃሉ ካልገባ እኔም አልገባም» አለው።

የዕድሩ መዝገብ ስለዚያ ቀን «ጠያቂው በራሱ ፈቃድ ትቶታል» ይላል። ሐሰት ነው። አልተወም።

ትሩፋት በስምንተኛው ቀን ሳህን እያጠበች ተናገረች። «በያጅ ብትባል ምን ይጎድልብሃል?»

«አባቴ።»

«እኔ ስሞት አባትህ ይሸከመኛል?»

ጫኔ ወጥቶ ዳሱ ሥር ተቀመጠ፤ የአልጋ እግር አንስቶ ይፈገፍግ ጀመር። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን አልነካውም። እንዲያውም በመስከረም ፊደሎቹ ሲደበዝዙ ደግሞ ጻፋቸው፤ አሁን በቀይ።

ዓመት አለፈ። የዕድሩ የእንጨት አግዳሚዎች በምስጥ አለቁና፣ ዕድሩ የምስክር ወረቀት ላለው አንድ በያጅ የብረት አግዳሚ አሠራ። ሰውየው እጁ ፈጣን ነው። ቱቦዎቹን በባሕር ውሃ አጥቦ፣ ወዲያው ግራጫ ቀለም ቀብቶ በሳምንት አስረከበ። ሁሉም አደነቀው። በጥር 1966 ዓ.ም. አንድ ልቅሶ ላይ ድንኳኑ ሙሉ ሰው በነጭ ኩታና ነጠላ ተቀምጦ ዋለ። ወበቅ ነው፣ ላብ ነው። ማታ ሊሄዱ ሲነሡ በእያንዳንዱ ሰው ጀርባ ላይ ከመደገፊያው ቱቦ ሦስት ሦስት ቀይ መስመር ታትሟል፤ የአቶ ክፍሌ ደግሞ ከሁሉ የደመቀ ነበር።

የዕድሩ የሴቶች ተጠሪ እትዬ ማንጠግቦሽ አዩትና «ክፍሌ» አሉ፣ «ልቅሶ ልትደርስ ነው የመጣኸው ወይስ በግ አርደህ?»

አዝነው የዋሉ ሰዎች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። የዝገት እድፍ ታጥቦ አይለቅም። ከዚያ ወዲያ ልቅሶ ላይ ሰው መቆም መረጠ።

በየካቲት አቶ ክፍሌ ራሱ ዳሱ ሥር መጣ። ጫኔ የሚያብስበትን ጨርቅ ባሌስትራ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ አነጠፈለት። አቶ ክፍሌ ጨርቁን አንስቶ ከሥሩ ያለውን ብረት በጣቱ አሸት አደረገና ጣቱን አየ፤ ንጹሕ ነው።

«አሥራ ሁለት አግዳሚ እንፈልጋለን» አለ።

«እሠራለሁ። መጀመሪያ ጻፉኝ።»

«ጫኔ፣ ወንድሜ፣ ሽማግሌዎች አሉ…»

«ቃሉ ከገባ እገባለሁ። ካልገባ እትዬ ማንጠግቦሽ የታረደ በግ ይቁጠሩ።»

ጉባኤው መጋቢት 8 ቀን እሑድ ተደረገ። ክርክሩ ረዥም ነበር፤ የሚደጋገመው ግን አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ጥሩ ነው፣ ቃሉ ያሳፍራል። በመጨረሻ አቶ ክፍሌ በታከተው ድምፅ «ጻፈው» አለ። አሥራት ጻፈ። ጫኔ ከኋላ ተነሣ።

«ጮክ ብለህ አንብበው፣ ጋሽ አሥራት።»

«ተጽፏል እኮ።»

«ያልሰማ ሰው እንዳይኖር ነው።»

አሥራት ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ። «ተራ ቁጥር ሰማንያ ሰባት። ስም፣ ጫኔ። ሥራ፣ ቀጥቃጭ።» ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። አንዱ የክሬን ሠራተኛው አበጀ ነበር።

«እንግዲህ አሥራ አንድ አግዳሚ ይበቃናል» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

«አሥራ ሁለቱንም እሠራለሁ» አለ ጫኔ። «ሲመለሱ የት ሊቀመጡ ነው?»

ትሩፋት በሩ አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር። ወደ ቤት ሲሄዱ ከኋላው መሄዱን ትታ ጎን ለጎኑ ሄደች።

አሥራ አንዱን በሁለት ወር ጨረሰ። ሁሉንም አጠበ፣ ሁሉንም ቀመሰ።

ጫኔ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ግንቦት 15 ቀን ከሰዓት በኋላ የሾፌሩ የወልዴ እናት አረፉ፤ የጥሪው ተራ የጫኔ ነበር። የመጀመሪያ ተራው ነው። ጠዋት ደረቱን ይዞት ነበርና ትሩፋት ሌላ ሰው ይሂድ ብላ ለመነችው። «ተራዬን ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ» አላትና ከአሥራት የድርሻውን የአሥራ አራት ቤት ዝርዝር ተቀብሎ ወጣ። በአሥራ ሦስቱ ቤት እያንኳኳ ተናግሮ አስፈረመ። አሥራ አራተኛው የአበጀ ቤት ነው።

«ማነው?»

«ጫኔ ነኝ። ቀጥቃጩ።»

«በመስኮት ንገረኝ፤ እየለበስኩ ነው» አለ አበጀ ከውስጥ።

«ልበስ። እጠብቃለሁ። የሞት ጥሪ በመስኮት አይነገርም።»

ፀሐይዋ በቆርቆሮው ላይ ነበረች። ጫኔ እጁን በሩ መቃን ላይ አስደግፎ ቆመ። አበጀ ለባብሶ የተቀመጠ ሰው ቢሆንም ለመልበስ የሚፈጀውን ያህል ቆይቶ ከፈተ።

«የወልዴ እናት አርፈዋል። ቀብር ነገ በሦስት ሰዓት ነው።»

«ነፍስ ይማር።»

«እዚህ ጋ ፈርም።»

አበጀ እርሳሱን ከጫኔ እጅ ተቀበለ፤ ወረቀቱን በሩ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ጫኔ ፊርማውን አየ፤ ወረቀቱን አጠፈ፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ወደ አሥራት ቤት ሄደ። ፀሐይ ሳትገባ ዝርዝሩን አስረከበ። አሥራ አራት ስም፣ አሥራ አራት ፊርማ።