«ድንች እስቴ» ብዬ የመዘገብኩት ሰው

የሥራዬ መጠሪያ ረጅም ነው፤ ሥራው ግን ጋዜጠኛ ማሳደድ ነው። ንፋስ መውጫ ውስጥ ለገበሬ የዘር ድንች የሚያከፋፍል አንድ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት የቀጠረኝ የጋዜጠኞችን ስልክ ሰብስቤ እንድይዝ ነው። ማን ሬዲዮ ላይ እንዳለ፣ ማን ሥራ እንደለቀቀ፣ ማን ቁጥር እንደቀየረ እየደወልኩ አጣራለሁ። ውርጭ ማሳ ሲያቃጥል ድምፃችንን የሚያሰማልን ሰው እንዳናጣ ነው ነገሩ። የስልክ ዝርዝር ካልተንከባከቡት እንደ ድንች ነው፤ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ያበሽቀኝ ነበር። ገሚሶቹ ስልክ አያነሱም፤ የሚያነሱት ስለ ውርጩ ሳይሰሙ ስለ አበል ይጠይቃሉ፤ የቀሩት ደግሞ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ካሜራ ተሸክመው ከች ይላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለእነሱ ነው። ከመካከላቸው የምወደው አንድ ብቻ ነበር። እስቴ ከተማ እናቱ ቤት እየኖረ ለሬዲዮ ዘገባ ይልካል፤ እኔ የምነግረውን እንኳ ሄዶ በዓይኑ ሳያይ አያወራም። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እናቱ ቤት በልቼ ጠጥቼ አድሬ አውቃለሁ።

ከዚያ አገሩ ጠብመንጃ ሆነ። ከቢሯችን ፊት ለፊት አንድ የባጃጅ ሹፌር መሪውን እንደያዘ ተመቶ ሞተ፤ እኔ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ የሞተሩን ድምፅ እሰማ ነበር። ሹፌሩ ከሞተ በኋላም ሞተሩ ረጅም ሰዓት ይንተከተክ ነበር፤ ሄዶ የሚያጠፋው ሰው አልተገኘም። መንገድ ላይ ደግሞ ስልክ መፈተሽ መጣ። የጋዜጠኛ ቁጥር የተገኘበት ሰው ወሬ አቀባይ ተብሎ ከመኪና ይወርዳል፤ ከወረዱት የተመለሰ አላየሁም። ፈታሾቹ የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጽፍም፤ ለተመታ ሰው ሰደፍ ሁሉ አንድ ነው።

እኔም ጋዜጠኞቼን በሙሉ ስልኬ ላይ እህልና አትክልት አደረግኳቸው። አንዱ ገብስ፣ አንዱ ባቄላ ሆነ፤ ወዳጄ «ድንች እስቴ» ሆነ። ስነግረው እንደ ልማዱ ይስቃል ብዬ ደወልኩ። ያነሱት እናቱ ናቸው። «ወጣ ብሏል ልጄ» አሉኝ። በሌላ ቀን ስደውልም ወጣ ብሏል። ቁጥሩ ይሠራል፣ ሰውየውም አለ ብዬ አለፍኩ።

አንድ ዓርብ ለሥራ አርብ ገበያ ከተማ ውዬ በሚኒባስ ስመለስ ፈታሾች አስቆሙን። ሁላችንንም አውርደው መንገዱ ዳር አንበረከኩን። ከጎኔ የነበሩትን ሽማግሌ ልጃቸው የት እንዳለ ጠየቋቸው፤ አላውቅም ሲሉ አንዱ በጫማው አፋቸውን ረገጣቸው። ጥርሳቸውን ከደም ጋር እጃቸው ላይ ተፉትና አዩት። እጄ መሬቱ ላይ ድንጋይ ጨብጦ ነበር፤ ፍርሃቴ አስለቀቀኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ገና ጢሙን በወጉ ያላበቀለ፣ ንግግሩ የዚሁ የእኛው አገር የሆነ ወጣት ነው። ስልኬን ከፍቶ ወደ ታች ወደ ታች አለ።

«ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች። ነጋዴ ነህ?»

«የዘር ድንች ነው፤ ለድርጅት የምንገዛው።»

በሰደፍ ጎኔን አለኝ። አጥንቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። «እስቲ ድንቹን እንጠይቀው» አለና ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተው።

ወዳጄ ስልክ ሲያነሳ ስሙንና የሬዲዮ ጣቢያውን የሚጠራ ሰው ነው። ስንቴ ተው ብዬዋለሁ። አሁን ያንን ካለ እኔ እዚያው ተንበርክኬ እቀራለሁ፤ እሱንም እናቱ ቤት ድረስ ሄደው ያወጡታል። እመብርሃን፣ አያንሳው አልኩ። ተነሳ።

«ሃሎ?» እናቱ ናቸው። ፊደል አያውቁም፤ የደወለውን ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው።

«ባለ ስልኩን ፈልጌ ነበር» አለ ፈታሹ።

«አንተ ማነህ? ድምፅህን አላወቅሁትም።»

«መንገደኛ ነኝ። ድንች ይሸጣል ብለውኝ።»

 ከዚያ ከእኔ ሲደብቁት የከረሙትን ለማያውቁት ሰው ነገሩት። «ልጄማ የለም። በደጄ ገደሉት። እጁን አስረው፣ እኔ እያየሁ ገደሉት። አደራህን፣ ንፋስ መውጫ አንድ ወንድም የሚሆነው ልጅ አለ፤ ብታገኘው እንዳትነግርብኝ። መርዶ በመንገድ አይሰማም። መንገዱ ሲከፈት መጥቶ፣ እህል ቀምሶ፣ ሰው ይዞት ነው የሚሰማው።»

የእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው። በስልክ አይነገርም፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ባሉበት ነው። «ወጣ ብሏል» ያሉኝም ስለዚህ ነው። እኔ ዝርዝሬን ሳጣራ የከረምኩት ሙታን መካከል ነበር።

የፈታሹ ፊት ተለወጠ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ማንም ያዘዘው አልነበረም። «እግዜር ያጥናዎት እናቴ። ነፍስ ይማር» አለና ዘጋው። እኔ አፈር ላይ ተደፍቼ እጮህ ነበር። አንዲት የማላውቃት መንገደኛ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አገልድማ አብራኝ አለቀሰች። ልጁ ስልኬን ወረወረልኝ፤ «ሂድ፣ ልቅሶህን ልቀስ» አለ። ወዲያው ዞሮ ቀጣዩን ሰው በጥፊ መታ።

መንገዱ ሲከፈት እስቴ ወረድኩ። እናቱ አቅፈው ሳሙኝ፣ እህል አቀረቡልኝ፣ ልጃቸው ደህና እንደሆነ ሁሉ ሲያጫውቱኝ አመሹ። እኔም እንደማያውቅ ሰው ሆንኩ። በማለዳ ጎረቤቱ ገባ፣ የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው መጡ፣ ሁለት ጎልማሶች ግራና ቀኝ ያዙኝና መርዶዬን ነገሩኝ። የተሰበረው ጎኔ ላይ ይዘውኝ አነባሁ። ያንን ለቅሶ አስመስዬ አይደለም ያለቀስኩት።

እናቱ ሲረጋጉ፣ «አንድ የማላውቀው መንገደኛ ደውሎ ነበር» አሉኝ። «እግዜር ያጥናዎት አለኝ፤ እንዲያው ከአንጀቱ። የእናት ልጅ ነው። የት እንዳለ ባውቅ በመረቅሁት።»

ያ ልጅ ያደረገው ሁሉ መጣብኝ። የሽማግሌው ጥርስ፣ የእኔ አጥንት፣ ማን ያውቃል የሌላስ እናት ልጅ? ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ፊታቸውን አየሁ።

«እኔ አደርስልዎታለሁ እማማ» አልኩ።

ከጉያቸው የልጃቸውን ስልክ አወጡ። ቻርጅ ሳያደርጉት ውለው እንደማያውቁ ጎረቤቶቻቸው ነገሩኝ።

«መርዶ ያልደረሰህ አንተ ብቻ ነበርክ» አሉኝ። «በል አሁን አጥፋልኝ።»

አጠፋሁላቸው።