የድሬዳዋን ቀትር ያላየ ፍጥነት

የሰርግ ቪዲዮ ነው የማቀናብረው። ኮምፒውተሬ ኤሊ ሆኖ ቢያስቸግረኝ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ጓደኛዬ አዲስ ማዘርቦርድና ራም ገጠመልኝ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ሳይነግረኝ ራሙን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ያስሮጠዋል። «ዋሪያ፣ ከእንግዲህ ሰርጉ ሳያልቅ ቪዲዮው ያልቃል» ብሎኝ ሄደ።

በእጄ የነበረው የጎረቤቴ ልጅ ሰርግ ነው። እናቷ በሰርጉ ዕለት ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር ምንም አላዩም። ልጅቷ ደግሞ ሥራውን በያዝኩበት ዕለት ማምሻውን ወደ ባሏ፣ ወደ ጅቡቲ ልትሄድ ነው። እናት የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከመሄዷ በፊት አጠገቤ ቁጭ ብላ እንድናየው አድርግልኝ።»

ሥራውን ቀትር ላይ አስጀመርኩት። በድሬዳዋ ቀትር ውሻ እንኳ የሚጮኸው በቀጠሮ ነው። መሃል ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ አለ። ደገምኩት። አሁን ደግሞ የሙሽሪት ፊት በአረንጓዴ አራት ማዕዘን ተሞላ፤ ሚዜዎቹ ዳማ የሚጫወቱባት መሰለች።

ለጓደኛዬ ደወልኩለት። «ራሙን ምን አድርገህብኝ ነው?»

«ትንሽ ነው ያፈጠንኩት፣ ዋላል ወንድሜ። ሞክሬዋለሁ፣ ፈተናውን አልፏል።»

«መቼ ነው የሞከርከው?»

«ማለዳ፣ ሱቅ ሳልከፍት።»

«በማለዳማ እኔም ሯጭ ነኝ። እዚህ ተወልደህ አድገህ ቀትር መኖሩን ረሳኸው?»

«ቮልቴጁን ትንሽ ከፍ ብናደርገው...»

ቮልቴጅ ሲጨመር ራሙ ይብስ ይግላል፤ በሙቀት ላይ ሙቀት። የሰደብኩት ስድብ ከከተማ ውጭ ያለው ቢዮ አዋሌ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ፍጥነቱን ወደ ቦታው መለስኩት። ኮምፒውተሩ ሠራ፤ ግን ግማሽ ሳይደርስ እናትና ልጅ ደጃፌ ላይ ቆሙ። ውጭ ሻንጣ የጫነ ባጃጅ ይጠብቃል። ቀልድ ቢቀረጥ ኖሮ ጉምሩክ የሚያሳድደኝ ሰውዬ፣ «ገና አላለቀም» ብቻ አልኳቸው።

«ያልተቀናበረውስ የለህም?» አሉ እናት።

የጀመርኩትን አቋርጬ ጥሬውን ከፈትኩላቸው። ሙዚቃ የለው፣ ምን የለው። አንድ ቦታ ላይ ሙሽሪት ካሜራውን ትታ ሰዉን በዓይኗ ታስሳለች። ልቆርጠው ያሰብኩት ነበር።

«ማንን ነው የምትፈልጊው?» አሏት።

«አንቺን ነዋ፣ እማ። ሆስፒታል መሆንሽን ረስቼው።»

እናት «መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ። «እስቲ ደግሞ መልሰው።»

ባጃጁ አሁንም ነፋ። ለጓደኛዬ ካዋልኩት ንዴት ገና ብዙ ተርፎኝ ነበር፤ እሱን ይዤ በባለ ባጃጁ ላይ ልጮኽ ወጣሁ።